ግሡ እስኪደርስ

በርገን ዝናብ ነበር፤ እዚህ ዝናብ ዜና አይደለም፣
ሐኪም ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ያልሰበረ የለም።
የእኔ ሥራ ቃል ነው፤ በሰዓት ይከፈለኛል፣
አትጨምር፣ አትቀንስ፣ የፈረምኩት ውል ያስረኛል።

ከጎኔ አቶ ቢያድግልኝ፤ በያጅ ነበሩ በወደቡ፣
ከእሳት ጋር ዓይን ለዓይን ሃያ ስድስት ክረምት ያነቡ።
ኮታቸውን አላወለቁም። ኪሳቸው ውስጥ ይንኳኳል
የጨጓራ ክኒን ብልቃጥ፤ ሲነሡ ሲቀመጡ ይሰማል።

"ጨጓራ ነው" ብለው ኖረዋል፤ ማንስ ጨጓራ የሌለው?
እኛ ዘንድ እንደ ሰላምታ ነው፣ ሲጠያየቁ የሚባለው።
በርበሬው ነው፣ ጾሙ ነው፣ ንዴቱ ነው፣ ሐሳቡ፣
ወተት ጠጣበት፣ ተልባ፣ ይላሉ የሚያስቡ።

"ሆድ ይፍጀው" ይላል ሰዋችን ምስጢር ሲያኖር አደራ፤
ፈጀዋ! የሰጡትን ፈጅቶ ራሱን ጀመረ በተራ።
የወንድም ሞት ፈጀ፣
የፈረሰ ትዳር ፈጀ፣
ያልተላከ ደብዳቤ ፈጀ።
ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣል ቢሉም፣ እሳቸው አይጠጡም፤
ባለፈው ወር ካሜራ ዋጡ፣ ከዚያ ወዲያ ምስጢር አልዋጡም።

ዶክተር ራንቬይግ ሥዕሉን ስክሪኑ ላይ ዘረጋች፣
ቀይ መሆን የነበረበት ግድግዳ ገርጥቷል፤ በብዕሯ ነካች።
እሷ ትላለች፣ እኔ እላለሁ፦
"ይህ ባክቴሪያ ነው፤ ከልጅነት፣ ምናልባት ከአንድ ዋንጫ፣
ሃምሳ ዓመት አብሮዎት ኖረ፣ ሆድዎን አድርጎ መቀመጫ።
ቁጣው አልበረደም፤ የውስጡ ሽፋን ሳሳ፣ ተበላ፣
በምትኩ አንጀት መሳይ በቀለ፣ ለዚህ ቦታ ያልተባለ ሌላ።
ብዙው ሰው እዚሁ ይቀራል። ጥቂቱ ግን፣ በዓመታት፣
ይሻገራል ወደ ክፉው፤ ክትትሉ ለዚህ ምክንያት።"

ቀጥሎ አንዲት አጭር ነገር። በእነርሱ ቋንቋ እምቢታ ይቀድማል፣
"አይደለም" ፊት ፊት ይሄዳል፣ ክፉው ስም ኋላ ይከተላል።
በእኛ ግን ስሙ ነው ቀዳሚ፤ ግሥ መጨረሻ ይደርሳል፣
በትሩን ይዞ እንደ ሽማግሌ፤ ሰው ግን መሃል ላይ ይፈርሳል።

ምን ላድርግ? አፌን ከፈትሁ። "ያለብዎ ነገር ነቀርሳ —"
አልኩና ሳል ያዘኝ፣ የራሴው ቃር ጉሮሮዬ ላይ ሲነሣ።

ስንት ሰከንድ ነው? ሦስት? አራት?
ሰውዬው ተነሡ፤ ኮታቸውን ቆለፉት።
(ኋላ አሳንሰር ውስጥ ነገሩኝ፤
የቤቱን ቁልፍ ለማን እንደሚተዉ፣
ያላለቀውን የመኪና ዕዳ፣
ትሮንዳይም ያለችውን፣ የተኳረፏትን ልጅ፣
ሬሳ ለመላክ ስንት እንደሚያስከፍሉ፣
ይህን ሁሉ ቆጥረው ጨርሰው ነበር።)

"— አይደለም!"

ጮኬ ኖሯል፤ ዶክተሯ ደነገጠች፣
"ምን ተባለ?" ብላ በዓይኗ ጠየቀች።
ቃሉ ደርሶ አልደረሰም፤ እርሳቸው ቆመዋል እንደ ግንድ፣
ነፍሳቸው ቀድማ ወጥታለች፣ እስክትመለስ ከመንገድ።

"እናቴ" አሉ ሲቀመጡ፣ "ሦስት ቀብራ ወለደችኝ፣
ካፈር ጋር ተሟግታ፣ ቢያድግልኝ ብላ ጠራችኝ።
እንግዲህ ያደገው ይሄ ነው?" ሳቁ። "ልጄ፣ አትተርጉምላት።"
ውሌ ሁሉን ተርጉም ይላል፤ ይህቺን ግን፣ ሆዴ ይፍጃት።

አሥራ አራት ቀን መድኃኒት፣ ጠዋትና ማታ፤
በሦስት ዓመት ደግሞ ካሜራ።
"ሦስት ዓመት" አሉ፣ እንደ ስጦታ መዝነውት።

በአሳንሰሩ መስታወት ሁለት ሰው ቆሞ አየሁ፣
ሁለቱም እጃቸውን ደረታቸው ሥር ሰክተው።

ሸኝቻቸው ተመለስኩ። "ቀጠሮ" አልኳት። "ለማን?" አለች፣
"አስተርጓሚ ይያዝ?" ብላ ጣቶቿን አዘጋጀች።
አሥራ አንድ ዓመት የዋጥኩት እሳት
በእሷ ቋንቋ ጀምሮ በእኔው ተያዘ።

"ለእኔ —" አልኩ።
ግሡ ገና ጉሮሮዬ ላይ ነበር።